የዓሣ አጥማጅነት ሙያ በጨዋታና በጣና ዳር
«ሩንስኬፕ» ስለ ተባለው ጨዋታ የዓሣ ማጥመድ ሕግ የቀረበ ትችት

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው አጥንቱ ጉሮሮ እንዳይወጋ ተጠንቅቆ መብላት እንደሚገባ ለማሳሰብ፣ ከዚያም አልፎ ማናቸውንም ነገር በዘዴ መያዝ እንደሚያሻ ለመምከር ነው። እኔ ግን ያደግሁት በጣና ሐይቅ ዳር፣ በእንፍራንዝ ወንዝ አጠገብ ስለ ሆነ፣ ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ የተረዳሁት በሌላ መንገድ ነው። በእኛ ዘንድ ብልሃቱ የሚያስፈልገው ዓሣው ከገበታ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን ገና በውኃ ውስጥ ሳለ ነው። ታዲያ ይህ ብልሃት ምንድን ነው? ብልሃት ያለው ሰው ከሌለው ይልቅ ብዙ ዓሣ የሚይዘው ስለ ምንድን ነው? የዕድልስ ድርሻ የት ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ ሐይቁ ሳይሆን አንድ ጨዋታ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ መኝታ ክፍል የሚኖሩ ጓደኞቼ ማታ ማታ ጥናታቸውን ሲጨርሱ በስልካቸው የሚጫወቱት «ሩንስኬፕ» የሚባል ጨዋታ አለ። ጃጄክስ የተባለ የእንግሊዝ አገር ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ የቀድሞ መልኩን እንደ ያዘ «ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ» በሚል ስም በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ወጥቷል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በእጅ ስልክ ይሠራል። ተጫዋቹ በኢንተርኔት አማካይነት ከሌሎች ብዙ ሰዎች ጋር ወደ አንድ የምናብ አገር ይገባል። በዚያም አንድ ሰው ሆኖ እንጨት ይቈርጣል፣ ማዕድን ይቈፍራል፣ ይዋጋል፣ ይነግዳል፣ ዓሣም ያጠምዳል። አንድ ማታ አንደኛው ጓደኛዬ «እኔኮ ከናንተ አገር ሰዎች ሁሉ የበለጥሁ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ ደረጃዬ 76 ደርሷል» ሲል ቀለደብኝ። ሁላችንም ሳቅን። ቀልዱ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ሙያ በቍጥር ሊገለጽ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በውስጡ አለበት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግዲህ የጨዋታውን የዓሣ ማጥመድ ሕግ መርምሮ፣ ከጣና ሐይቅ አጥማጆች ሥራ ጋር አስተያይቶ፣ ልክ የሆነውን ልክ ነው፣ የተሳሳተውንም ተሳስቷል ማለት ነው። «ጨዋታን መተቸት ለምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ተረት ልጅን እንደሚያስተምር ጨዋታም ያስተምራል። ከዚህም በላይ ተረት የሚነገረው አልፎ አልፎ ሲሆን ይህ ጨዋታ ግን አንዱን ሐሳብ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋግማል። ስለዚህ የሚያስተምረው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በሩንስኬፕ የዓሣ አጥማጅነት ሙያ ከ1 እስከ 99 በሚደርስ ደረጃ ይለካል። ጀማሪው በ1ኛው ደረጃ በትንሽ መረብ ሽሪምፕ የሚባለውን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ይይዛል። 20ኛው ላይ ሲደርስ በላባና በዘንግ ትራውት ማጥመድ ይፈቀድለታል፤ በ40ኛው በቅርጫት ወጥመድ ሎብስተር፣ በ50ኛው በጦር ሰይፈ ዓሣ፣ በ76ኛው ሻርክ። ደረጃው ያልደረሰ ሰው ወደማይገባው ስፍራ ቢሄድ ጨዋታው «ይህን ለመያዝ ይህን ያህል ደረጃ ያስፈልግሃል» ብሎ ይመልሰዋል። ከተፈቀደለት በኋላም ቢሆን ሁልጊዜ አይሳካለትም። ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሰኮንዱ እንደ ዕጣ ያለ ነገር ይጥላል፤ ዕጣው የመውጣቱም ዕድል ከደረጃው ጋር ከፍ እያለ ይሄዳል። ዓሣ በተያዘ ቍጥር የልምድ ነጥብ ይጨመራል፤ ነጥቡም ሲከማች ደረጃው ያድጋል። የተገኘ ደረጃ ተመልሶ አይወርድም።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን ስለ ዕድል ሲያስረዱን በሳንቲም መወርወር ይጀምሩ ነበር። ያንን ትምህርት እዚህ ላይ ብናውለው የሕጉ ፍሬ ነገር ግልጥ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል የጀማሪው ዕድል በአንድ ሙከራ ከ4 አንድ ነው እንበል፤ የባለሙያውም ከ2 አንድ ይሁን። ጀማሪው አንድ ዓሣ ለመያዝ በአማካይ 4 ጊዜ፣ ባለሙያው ግን 2 ጊዜ ይሞክራል ማለት ነው። ዐሥር ጊዜ ሞክሮ አንድም ዓሣ ያለመያዝ ዕድል ለጀማሪው ከ100 ወደ 6 ገደማ ሲሆን፣ ለባለሙያው ከ1,000 አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሙያ ዕድልን አያጠፋውም፤ ባዶ እጅ የሚመለሱበትን ቀን ግን ያሳንሰዋል።

ይህን ሐሳብ ከልብ አመሰግነዋለሁ። ብዙ ሰው ዓሣ አጥማጅን ሲያይ ወይ «ዕድለኛ ነው» ይላል፣ ወይም «ያውቅበታል» ይላል፤ ሁለቱ አብረው የሚሠሩ መሆናቸውን አያስተውልም። ጨዋታው ግን 99ኛ ደረጃ የደረሰው ሰው እንኳ ሻርክ ለመያዝ ሲሞክር ደጋግሞ እንዲስት ያደርጋል። በዚህ ረገድ ከብዙ አዋቂ ነን ባዮች ይልቅ ልከኛ ነው። ደግሞም ልምድ የሚገኘው በመሥራት እንጂ በመስማት አለመሆኑን ያሳያል፤ በጨዋታው ውስጥ ስለ ዓሣ ማጥመድ ብዙ የሚያወራ ሰው በወሬው ብቻ 2ኛ ደረጃ አይደርስም።

ነገር ግን ምስጋናው እዚህ ላይ ያበቃል። በሕጉ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች አሉኝ።

የመጀመሪያው ተቃውሞዬ ሙያን አንድ ቍጥር ማድረጉ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ አንድ በዕድሜ የገፉ አጥማጅ ጐረቤታችንን ለምኜ ጎሕ ሳይቀድ አብሬያቸው ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ከደንገል የተሠራችው ታንኳቸው ከውኃ ወጥታ ተገትራ አድራለች፤ ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ከሥራ በኋላ መድረቅ አለባት። ሽማግሌው ታንኳዋን ከመግፋታቸው በፊት ቆመው ውኃውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። «ምን እያዩ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ነፋሱን ነው» አሉኝ። እኔ ምንም ነፋስ አይታየኝም ነበር። ጣና ጧት እንደ መስተዋት ተኝቶ ከቀትር በኋላ የሚናወጥ ሐይቅ ነው፤ በደንገል ታንኳ የሚሄድ ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ከመሄዱ በፊት ማወቅ ይገባዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽማግሌውን ዕውቀት ለመዘርዘር ሞከርሁ። ቀረሶ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎጆውን ቈፍሮ እንደሚራባ ያውቃሉ፤ ስለዚህ መረባቸውን ከደንገሉ ጥግ ይዘረጉለታል። አምባዛ ዝናም በሰፊው ሲጥል ሐይቁ ሞልቶ ወደሚተኛበት ሜዳ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ በክረምት ወራት ዕንቁላሉን ለመጣል ሐይቁን ትቶ ወደ ወንዝ እንደሚገባ፣ የሚገባውም ከምሽት ጀምሮ እንደ ሆነ ያውቃሉ። የመረብ ዓይን ሲጠብና ሲሰፋ የሚይዘው ዓሣ እንደሚለያይ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ አንድ ሙያ አይደለም፤ ስለ ነፋስ፣ ስለ ወቅት፣ ስለ ስፍራ፣ ስለ ዓሣው ጠባይና ስለ መሣሪያው የተከማቹ ብዙ ዕውቀቶች ናቸው። የአምባዛን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በነጭ ዓሣ ላይ ጀማሪ ሊሆን ይችላል። በጨዋታው ግን 76 የሆነ ሰው በወንዝም በባሕርም፣ በሐምሌም በጥርም፣ ዛሬም ከዓመት በኋላም 76 ነው። ዓሣው የሚገኝበት ስፍራ በውኃው ላይ ምልክት ተደርጎበት ስለሚታይ መፈለግ አያሻም። እንግዲህ በጣና ላይ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው፣ ይኸውም «የት? መቼ?» የሚለው፣ ከጨዋታው ተሰርዟል ማለት ነው። የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው።

ያን ቀን ሽማግሌው የያዙት ለአንድ ቤት ወጥ የሚበቃ አልነበረም። እኔ በልቤ «እንግዲህ ዕውቀቱ ምን ጠቀመ?» ስል ሐሳቤን ያወቁ ይመስል «ልጄ፣ ውኃው ዛሬ የለኝም አለን እንጂ እኛ አልሰነፍንም» አሉኝ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ጨዋታው የሚያስተምረው የዕድል ሕግ አለ። ነገር ግን ሌላም ነገር አለ፤ ውኃው ራሱ «አለኝ» ወይም «የለኝም» የሚል ወገን ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞዬ መሣሪያንና ሙያን የሚመለከት ነው። በጨዋታው መሣሪያ የሙያ ተከታይ ነው፤ ደረጃው ላልደረሰ ሰው የተሻለው መሣሪያ አይሰጠውም። «የዘንዶ ጦር» የሚባለው እንኳ ከተራው ጦር የሚፈጥነው በ20 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም ለመያዝ አስቀድሞ መሠልጠን ያስፈልጋል። በእውነተኛው ዓለም ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። በጣና ላይ ለብዙ ዘመን የነበረው የዓሣ ሥራ በደንገል ታንኳ፣ በወጥመድና በትንንሽ መረብ ከዳርቻ ሳይርቁ የሚሠራ ነበር፤ በዚህም ሥራ ወይጦዎች በተለይ የታወቁ ናቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ ረድኤት ድርጅት በተባበሩበት የልማት ሥራ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። የገባውም በመልካም ሐሳብ፣ ለአጥማጁ ገቢ ለሕዝቡም ምግብ እንዲሆን ነው። ውጤቱ ግን የሙያን ትርጉም ለወጠው። በታንኳ የሚሄደው ሰው ዓሣው ወዳለበት ለመድረስ ማወቅ ነበረበት፤ ሞተር ያለው ሰው ግን ካልተገኘበት ወደሚገኝበት ሩቅ ስፍራ በአንድ ጧት ይደርሳል። ረጅም መረብ ያለው ሰው ዓሣው በየት በኩል እንደሚያልፍ በትክክል ባያውቅም በስፋቱ ያገኘዋል።

እንግዲህ በአንድ ቀን አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ዓሣ ይዞ ቢመለስ የበለጠው ማን ነው? ዓሣውን ቈጥረን ብንፈርድ ባለሞተሩ ነው። ነገር ግን ሁለቱን መሣሪያ ቢለዋወጡ ፍርዱ ሳይገለበጥ አይቀርም። ስለዚህ የተያዘው ዓሣ ብዛት የሙያ ሚዛን ሊሆን የሚችለው መሣሪያው፣ ወቅቱና ስፍራው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ይህን የምናገረው ለጨዋታ ተጫዋቾች ብቻ አይደለም። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ነገ በሐይቁ ላይ ጥናት የሚያደርጉ አሉ፤ የአጥማጁን ብልጫ ከመረቡ ርዝመት ሳይለዩ ቢጽፉ ጓደኛዬ በቀልድ የሠራውን ስሕተት በቁም ነገር ይደግሙታል።

ሦስተኛውና ዋናው ተቃውሞዬ የጨዋታው ባሕር የማይጐድል መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። 76ኛው ደረጃ የሚገኘው በ1,336,443 የልምድ ነጥብ ነው፤ 99ኛው ደግሞ በ13,034,431። አንድ ሻርክ 110 ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ሻርክ ብቻ እያጠመደ ከ76 ወደ 99 ለመድረስ የሚፈልግ ተጫዋች ከ106,000 በላይ ሻርክ መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ይይዛል፤ እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ተጫዋቾችም በዚያው ባሕር ይይዛሉ። ባሕሩ ግን በመጀመሪያው ቀን እንደ ነበረው ነው። የዓሣው ስፍራ አልፎ አልፎ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል፤ አይነጥፍም። ሙያ ሲጨምር የሚይዙት ይጨምራል፤ የሚይዙት ሲጨምር ሙያው ይጨምራል፤ በዚህ ክብ ውስጥ ባሕሩ ምንም ሚና የለውም።

የጣና ታሪክ ግን ሌላ ነው። በሐይቁ ውስጥ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእውነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል የተለያዩ፣ እርስ በርሳቸው የሚዛመዱ ዝርያዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከነዚህ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ዓሦች ስለ ለያቸው በሐይቁ ውስጥ ብቻቸውን ተባዝተው ይህን ያህል መልክ አወጡ። በፊሊፒንስ አገር በላናዎ ሐይቅ ይህን የመሰለ የዓሣ ቤተሰብ ነበረ፤ እርሱ ግን ባለፈው መቶ ዓመት ጠፍቷል። እንግዲህ የጣናው በዓለም ላይ የቀረ ብርቅ ሀብት ነው።

የዚህ ዓሣ ድክመቱ ጠባዩ ነው። ቶሎ አይጐለምስም። ከነዝርያዎቹም ብዙዎቹ በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ጠጠርና ንጹሕ ውኃ ወዳለበት ወንዝ ይወጣሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ ከነዚህ ወንዞች ይቈጠራሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ይህን የሚያውቅ አጥማጅ መረቡን በወንዙ አፍ ቢዘረጋ በአንድ ሌሊት ጀልባው ይሞላል። አንዳንድ ስፍራም የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወደ ወንዝ በመጨመር ዓሣውን የሚያደነዝዙ ሰዎች አሉ። ማርቲን ደ ግራፍና የሥራ ጓደኞቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጠው፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ዐሥር ዓመት ውስጥ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል፣ የጫጩቶቹም በ90 በመቶ ያህል ቀንሷል። ከምክንያቶቹ ዋነኛ ሆኖ የተገመተው በመራቢያው ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ የሚደረገው የመረብ ሥራ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። ነጭ ዓሣን የጐዳው አለማወቅ አይደለም። ያጠፋው የት እንደሚያልፍና መቼ እንደሚያልፍ የማወቅ ሙያ ነው፤ በናይለን መረብ ላይ ሲጨመር። ይኸውም በጨዋታው ቋንቋ 99ኛው ደረጃ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሙያ ጉድለትን ይሸፍናል። ዓሣው በሐይቁ ሁሉ እያነሰ ሲሄድ፣ የተረፈው በየወንዙ አፍ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ስፍራውን የሚያውቀው አጥማጅ እስከ መጨረሻው ድረስ ሙሉ መረብ ሊያወጣ ይችላል። እርሱን የሚያይ ሁሉ «ሐይቁ ደኅና ነው» ይላል። በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ባሕር የደረሰው ይህን የመሰለ ነው። በዚያ የኮድ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያሳይ መሣሪያ በያዘ ትልልቅ መርከብ እየሄዱ የተረፈውን መንጋ ያገኙት ስለ ነበር፣ የሚይዙት ሳይቀንስ ዓሣው ዐለቀ። በ1992 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሥራውን በዐዋጅ ሲዘጋ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ ፈት ሆኑ። እነዚያ ሰዎች ሙያ አልጐደላቸውም ነበር።

ጽሑፌን በረቂቅ ያየው ያው ጓደኛዬ የሰጠኝን መልስ ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርዴ ትክክል አይሆንም። «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ዓሣው የሚያልቅ ቢሆን ማን ይጫወተዋል?» አለኝ። መልሱ ክብደት አለው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው «አልቲማ ኦንላይን» የተባለው ጨዋታ በዚህ ረገድ ከሩንስኬፕ ይሻላል፤ በዚያ በአንድ ስፍራ ደጋግሞ ያጠመደ ተጫዋች ዓሣ እዚያ እንደማይነክስ ይነገረውና እስኪያገግም ድረስ ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ይኖርበታል። አዘጋጆቹ ከዚህም አልፈው አራዊቱ እርስ በርሳቸው የሚበላሉበት፣ ሲጠፉም የሚጐድሉበት ሕያው ዓለም ለመፍጠር ዐስበው ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ገብተው የተገኘውን ሁሉ ከሚራባበት ፍጥነት በላይ ስለ ፈጁት ሐሳቡ ተተወ። ስለዚህ ጓደኛዬ «ማን ይጫወተዋል?» ማለቱ ልክ ነው። እኔ ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ ትምህርት አወጣለሁ። አዘጋጆቹ ዓለሙን ሊያድኑ ያልቻሉት ተጫዋቾቹ ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሕጉ የሚሸልመው የያዘውን ብቻ እንጂ የተወውን ስላልሆነ ነው። ለመተው ነጥብ የሚሰጥ ደረጃ አልነበረም።

በጣና ላይስ አለ ወይ? በሕግ ደረጃ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 315 ዓሣ በሥርዐት እንዲያዝ ያዝዛል። ዐዋጅ ግን በወንዝ አፍ ሌሊት አይቆምም። በወንዝ አፍ የሚቆመው አጥማጁ ራሱ ነው። ከሽማግሌው ጋር በታንኳ ስንመለስ በአንድ ወንዝ አፍ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መረብ አየን። ወራቱ ነሐሴ ነበር። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አሳርፈው «ይህን ለመዝጋት ሙያ አያሻም፤ በዚህ በኩል እንደሚያልፍ ሕፃንም ያውቀዋል። ሙያ የሚያሻው ለማሳለፉ ነው» አሉኝ። እኔ ብዙ መጽሐፍ አገላብጬ የደረስሁበትን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። ማሳለፍ ሙያ የሚሆነው እንዴት እንደ ሆነ ባስብ፣ ነጭ ዓሣውን የሚያሳልፍ ሰው በነዚያ ወራት ቤቱን በሌላ ዓሣ ማሳደር አለበት፤ ይኸውም ቀረሶውንና አምባዛውን፣ ነፋሱንና ስፍራውን ማወቅ ይጠይቃል። መተው የሚችለው ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያንኑ መንገድ ይዘጋል።

ነገሩ ለእኔ የጽሑፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በእንፍራንዝ ሆኖ በስልክ ይህንኑ ጨዋታ ይጫወታል፤ ሐይቁ ከቤታችን ሩቅ ሳይሆን ታንኳ መቅዘፍ አያውቅም። እንፍራንዝ ከደንገሉና ከረግረጉ ሌላ ለባሕር ዳር ከተማ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት ምንጮች የሚገኙበት ስፍራ ነው፤ በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ ተስፋፍቶ አጥማጁን ከዳር እንዳይወጣ አድርጎታል። እምቦጭ ሲመጣ የአጥማጅ ደረጃ 10 ቢሆን 90 ቢሆን ልዩነት የለውም። ወንድሜ «ዓሣ ማጥመድ ማለት ምልክቱን ነክቶ መጠበቅ ነው፤ በብዙ የጠበቀ ብዙ ይይዛል፤ ውኃውም ያው ነው» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ቢያድግ፣ ነገ አጥማጅ ቢሆን መረቡን የት እንደሚዘረጋ አውቃለሁ። አጥማጅ ባይሆንና ሹም ቢሆንም ስለ ሐይቁ ምን ዓይነት ዕቅድ እንደሚያወጣ እገምታለሁ፤ ጀልባ መጨመርና መረብ ማስረዘም ይሆናል።

በዚህ ምክንያት ጨዋታው ይከልከል አልልም። ወንድሜም ጓደኞቼም ይጫወቱ፤ እኔም ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ጀምሬው ትራውት ማጥመድ እስኪፈቀድልኝ ድረስ ደርሻለሁ፤ ደስ አይልም ብል እዋሻለሁ። የምለው ሌላ ነው። ጨዋታው ስለ ሙያና ስለ ዕድል የሚናገረው ግማሽ እውነት ነው። ሙያ ዕድልን እንደሚያግዝ በትክክል አሳይቷል። ሙያ ብዙ ዓይነት መሆኑን፣ መሣሪያ የሙያን ቦታ ሊወስድ እንደሚችልና ከሁሉም በላይ ሙያ የሚሠራበትን ውኃ ራሱን ሊያደርቅ እንደሚችል ግን ደብቋል። ግማሹን እውነት ከጨዋታው የተማረ ሰው ሌላውን ግማሽ ከሐይቁ እንዲማር ያስፈልጋል፤ ሐይቁ ደግሞ ሲያስተምር ለስሕተት እንደ ጨዋታው ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ጓደኛዬ አሁን ደረጃው ከ80 አልፏል። ሰሞኑን «የናንተ ሽማግሌ ስንተኛ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። በጨዋታው ሚዛን ብንለካቸው፣ በዚያ በነሐሴ ጧት በያዙት ዓሣ ብዛት፣ ከጀማሪዎቹ ተራ ነበሩ። የእኔ መልስ ግን፣ የወንዙን አፍ እያወቁት አልፈውት የሄዱ ሰው ደረጃ በያዙት ዓሣ ሳይሆን በሚመጣው ክረምት ወደ ወንዙ በሚወጣው ዓሣ ይለካል የሚል ነው።